ላንጋኖ ዳር ድንኳን ተክሎ በትንሽ ጀልባ ዓሣ ለማጥመድ

ላንጋኖ ሐይቅ ላይ ዋናው ነገር ነፋሱ ነው። ጠዋት ውሃው እንደ ዘይት ረግቶ ይቆያል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ዳሩን ይደበድባል። ድንኳን የምትተክሉበትን ቦታም፣ ጀልባ የምታስገቡበትን ሰዓትም በዚህ ወስኑ።

1. ከመነሳታችሁ በፊት

ከአዲስ አበባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አድርጋችሁ ትወርዳላችሁ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ዝናብ ስለማያስቸግር ይመቻል። በዓልን ግን ተዉት፤ ሙዚቃው አያስተኛም። የምታርፉበት ግቢ የራስ ድንኳንና ጀልባ ይፈቅድ እንደሆነ ደውላችሁ አረጋግጡ። ዓሣ የት ማጥመድ እንደሚቻልም አብራችሁ ጠይቁ።

2. ድንኳኑን መትከል

መጀመሪያ መሬቱን በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ጥረጉ። የግራር እሾህ ነጭ ነው፣ የጣት ያህል ይረዝማል፣ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አይታይም። የድንኳን ወለል ይበሳል፤ የሚነፋ ጀልባ ካላችሁማ አንዱ እሾህ ጉዞውን ያበላሸዋል። እኔ ለላንጋኖ ጠንካራውን የፋይበር ጀልባ እመርጣለሁ። ከባድ ነው፣ ለመጫንም ያስቸግራል፣ ግን ልብ ያሳርፋል።

የድንኳኑ በር ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒ ይሁን። አጭር ካስማ አሸዋ ላይ አይዝም። ባዶ ማዳበሪያ አሸዋ ሞልታችሁ ቅበሩና ገመዱን እሱ ላይ እሰሩ።

3. ጀልባውን ውሃ ላይ ማቆም

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ውጡ፤ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ዳር ድረሱ። ላይፍ ጃኬት ከዳር ጀምሮ ይለበስ፣ ዋና ብትችሉም። ትንሽም ብትሆን ነፋስ ካለች፣ ስትወጡ እሷን ተጋፍጣችሁ ቅዘፉ። ክንዳችሁ ሲዝል ወደ ዳር የምትመልሳችሁ እሷ ናት። ነፋስ ተከትሎ የወጣ ሰው ግን ደክሞት ሳለ ተጋፍጦ መመለስ ይጠብቀዋል።

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው። ቆሻሻ ሆኖ አይደለም፤ ውስጡ የተንሳፈፈ ደቃቅ አፈር ነው። ግን ድንጋይ ቢኖር አይታያችሁም፤ ዳር ዳሩን ቀስ ብላችሁ እለፉ።

መልህቁ ላይ ሰው ገመድ ይሰስታል። ጥልቀቱ 4 ሜትር ከሆነ ገመዱ ቢያንስ 20 ሜትር ይሁን፤ አምስት እጥፍ ማለት ነው። ገመዱ ሲያጥር ማዕበል ጀልባውን ባነሳው ቁጥር መልህቁም ይነሳል። ሲረዝም ግን ገመዱ መልህቁን በአግድም ስለሚጎትተው ጥፍሩ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። ሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ የሚጠቀሙ አሉ። እኔ አልመክርም፤ ጥፍር ስለሌለው ነፋስ ሲመጣ ይንሸራተታል።

ገመዱን ሁልጊዜ ከጀልባው የፊት ጫፍ እሰሩ። ከጎን ወይም ከኋላ ከታሰረ ማዕበሉ ዝቅ ባለው በኩል ይገባል፤ ትንሽ ጀልባ ደግሞ ለመሙላት ጊዜ አይወስድባትም። መልህቁ ድንጋይ መሃል ተቀርቅሮ እምቢ ካለ አትታገሉት። ገመዱን ቁረጡት። ለዚህ ነው ቢላዋ ኪስ ውስጥ የሚያዘው። ቆማችሁ አትጎትቱ።

4. ማጥመድ

ለቆሮሶ (ቲላፒያ) ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ክር፣ ትል ወይም ጠንከር ያለ የዳቦ ሊጥ ይበቃል። ሳር ከበቀለበት ዳር ብዙ አትራቁ። አምባዛ ምግቡን የሚፈልገው ሲመሽ ነው፤ ትልቅ መንጠቆ ላይ ሥጋ አድርጋችሁ ከዳር ሆናችሁ ጣሉለት። በጨለማ ጀልባ ላይ አትውጡ።

5. ማታ

ጀልባውን ከውሃው አርቃችሁ ጎትቱ፣ ገልብጡት፣ ከዛፍ ጋር እሰሩት። መቅዘፊያዎቹን ድንኳን አስገቡ። ዳር ላይ ውሃው ውስጥ ታስሮ ያደረ ጀልባ ሌሊቱን ሙሉ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ያድራል።

ዓሣውን ከድንኳን ርቃችሁ አጽዱ። ሆድ ዕቃው ጅብ ይጠራል፤ ቀን ከሆነም አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ቀድሞ ይደርሳል። ቆሮሶውን ግራና ቀኝ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጋችሁ፣ ጨውና ሎሚ አሽታችሁ፣ በጋለ ዘይት ጥበሱ። ዳጣ ካላችሁ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ከሰል ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ግራሮቹ አይቆረጡ። ወባ አለ፣ አጎበር አትርሱ። ዳቦና ፍራፍሬ መኪና ውስጥ ይቆለፍ፤ ዝንጀሮ የድንኳን ዚፕ አያቅተውም።

6. ስትነሱ

ድንኳኑን ሳይደርቅ አትጠቅልሉት፣ ይሻግታል። የተቆረጠ ናይሎን ክር ካለ አንድም ሳይቀር ልቀሙ። የወፍ እግር ላይ ከተጠመጠመ ወፏ ልትፈታው አትችልም።