ከካሴት እስከ ኦንላይን፦ የድሮ ፊልሞቻችንና የቴሌቪዥን ዝግጅቶቻችን ማኅደር እንዴት ይሠራል?

ብዙ ሰው ይሄን ሥራ ሲያስብ ቀድሞ የሚታየው ዌብሳይቱ ነው። ዶሜይን ይገዛል፣ ሎጎ ያሠራል፣ ከዚያ የሚጭነው ያጣል። ተውት። ዌብሳይት መቼም ይደርሳል፣ ካሴት ግን እየተበላሸ ነው። ቴሌቪዥን አገራችን የጀመረው በ1957 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ከፊሉ በፊልም ጥቅል፣ ከፊሉ ጣቢያዎች ይጠቀሙባቸው በነበሩት በዩማቲክና በቤታካም ቴፕ፣ ሌላው ደግሞ በየሰዉ ቁም ሳጥን ውስጥ በቪኤችኤስ ካሴት ላይ ተቀምጧል። እናንተ በቀላሉ የምትደርሱበት የመጨረሻውን ነውና ከእሱ ጀምሩ።

ወሰኑን ጠበብ አድርጉት። «የኢትዮጵያ ፊልም በሙሉ» ብሎ የተነሳ ሰው ሁለት ወር አይቆይም። የ1980ዎቹ የበዓል ዝግጅቶች፣ ወይም በካሴት ብቻ ወጥተው ሲኒማ ቤት ያልታዩ ድራማዎች ብላችሁ አንዱን ምረጡ። ከዚያ ሰው ጠይቁ፦ ቪዲዮ ቤት የነበራቸውን፣ ጡረታ የወጡ ካሜራማኖችን፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጹትን። ውጭ ያሉ ዘመዶችንም እንዳትረሱ፣ ናፍቆት ማስታገሻ ተብሎ በሻንጣ የሄደው ካሴት ብዙ ነው። ቢቢሲ እጁ ላይ ያላስቀራቸው 9 የ«ዶክተር ሁ» ተከታታይ ድራማ ክፍሎች ናይጄሪያ ውስጥ መገኘታቸው በ2013 እ.ኤ.አ. ተነግሯል። የእኛም ነገር የት እንዳለ አይታወቅም።

ካሴቱ እጃችሁ ሲገባ ወዲያው ማጫወቻ ውስጥ አትክተቱ። በመጀመሪያ ሽፋኑንና ጀርባው ላይ የተጻፈውን በስልክ ፎቶ አንሱ። ቀጥሎ በካሴቱ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ስበሩ፤ እሷ ካለች አንድ የተሳሳተ ቁልፍ ሲነካ አሮጌው ቀረጻ ላይ አዲስ ሊቀዳበት ይችላል። በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ቴፑ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ማጫወት የለም! ሻጋታው የማጫወቻውን ሄድ (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) ያበላሽና ከሱ በኋላ ወደሚገቡት ካሴቶች ሁሉ ይዛመታል። ለብቻው ደረቅ ቦታ አስቀምጡትና ለባለሙያ ስጡ። የሲኒማ ፊልም ጥቅል ደርሷችሁ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ከሸተተም እንደዚያው፤ ፕሮጀክተር ላይ ልሞክረው እንዳትሉ።

ጤነኛውን ካሴት እስከ መጨረሻው አሂዱና መልሳችሁ ጠቅልሉት፣ ከዚያ ቅዱ። የአገር ቤት ካሴት የተቀዳበት የቪዲዮ ሥርዓት ፓል ነው። አሜሪካ የተባዛው ግን የዚያ አገር ሥርዓት፣ ኤንቲኤስሲ፣ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም የሚያነብ ማጫወቻ ፈልጉ። ማጫወቻውን በቪዲዮ ካፕቸር መሣሪያ (ምስሉን ወደ ዲጂታል ፋይል በሚለውጠው) ከኮምፒውተር ጋር ታገናኛላችሁ። የቅጂው መጠን ለፓል 720 በ576 ፒክስል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ይሁን። ዋናውን ቅጂ ጥራት በማይቀንሰው ኤፍኤፍቪ1 በሚባለው የቪዲዮ አጨማመቅ አስቀምጡት፤ ለአንድ ሰዓት በግምት 30 ጊጋባይት ይወስዳል። ይበዛል፣ አውቃለሁ፤ ግን ካሴቱ ሁለተኛ ላይጫወት ይችላል። ለሰው የሚታየውን ኤምፒ4 ከዚህ ታወጣላችሁ። ዋናው በሦስት ቅጂ ይቀመጥ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ይሁን።

አንድ ነገር አደራ፦ በዝግጅቶች መሃል ያለውን ማስታወቂያና የአስተዋዋቂዋን ንግግር አትቁረጡ። ድራማው ሌላ ሰው ቤት ሊገኝ ይችላል፣ የሳሙናው ማስታወቂያ ግን እናንተ ጋ ብቻ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አሰልቺውም ሥራ እንምጣ፤ ለእያንዳንዱ ፋይል መረጃ መጻፍ። ያለዚህ ማኅደር ሳይሆን የቪዲዮ ክምር ነው ያላችሁ። ከውጭ የመጡ ሶፍትዌሮች «የቤተሰብ ስም» እያሉ ይጠይቃሉ፤ እሺ ብላችሁ ከሞላችሁ ዳይሬክተሩ በአባቱ ስም ይሰለፍና ፈልጎ የሚያገኘው ይጠፋል። ሙሉ ስሙን በአንድ ሳጥን፣ በራሱ ስም ጀምራችሁ ጻፉ። ፊደሉም ጣጣ አለው። ፀሐይ የምትባል ተዋናይት አንዱ ጸሀይ፣ ሌላው ፀሃይ ብሎ ይፈልጋታል። አንዱን አጻጻፍ ለዋናው ምረጡ፣ የቀሩትን «ሌላ አጻጻፍ» የሚል ቦታ ላይ አስገቡ፤ አማርኛ ማንበብ ለማይችሉ የዳያስፖራ ልጆች በላቲን ፊደልም ጨምሩ። ዓመት ሲሆን ሁለት ሳጥን ያስፈልጋል፣ አንዱ ለእኛ አንዱ ለፈረንጅ አቆጣጠር፦ 1977 ዓ.ም ብቻ የተባለ ካሴት በፈረንጅ 1984ም 1985ም ሊሆን ይችላልና ሳታረጋግጡ አትለውጡ። የተጻፈውንም ሁሉ አትመኑ። የቀለም ቴሌቪዥን እኛ ጋ የመጣው በ1984 እ.ኤ.አ. ኢሠፓ ሲመሠረት ስለሆነ፣ ባለቀለም የስቱዲዮ ዝግጅት ላይ «1970 ዓ.ም» ተጽፎ ካገኛችሁ ጠርጥሩ።

ከመጫናችሁ በፊት ፈቃድ። ካሴቱ ቤታችሁ ስላለ ሥራው የእናንተ አይሆንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በኋላም ተሻሽሏል። ሽፋኑ ላይ ስሙ ያለውን ፕሮዲውሰር ወይም ወራሾቹን ፈልጉ፤ የጣቢያ ዝግጅት ከሆነ ጣቢያውን ጠይቁ። ስምምነቱ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ምን እንደሚታይ፣ እንደማይሸጥ፣ ባለቤቱ «አንሱልኝ» ሲል በስንት ቀን እንደሚነሳ። «በስልክ እሺ ብሎናል» ነገ ያጣላል። ፈቃድ ያልተገኘለትን ቪዲዮውን ሳትጭኑ መረጃውን ብቻ አውጡ። እሱም ትልቅ ነገር ነው፤ ባለቤቱ ራሱ አይቶት ሊደውል ይችላል።

ዌብሳይቱ? እንደ ኦሜካ ያለ፣ የማኅደር ስብስብን በዌብሳይት የሚያሳይ ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል። አብዛኛው ተመልካች በስልክ፣ ያውም በፓኬጅ እንደሚያይ አስቡና በ360ፒ፣ ማለትም በዝቅተኛ ጥራት፣ ቀላል ቅጂ አዘጋጁ፤ የፋይሉን መጠን በሜጋባይት ከቪዲዮው ሥር ጻፉለት። ቪዲዮው ገና ሲከፈት በራሱ እንዳይጀምር አድርጉ፣ የሰው ካርድ አትጨርሱ። በየገጹ ደግሞ «ይህን ሰው ያውቁታል?» የሚል ትንሽ ፎርም ይኑር። የሚመጣውን መልስ ግን ሁለት ሰው ሳያረጋግጠው መዝገቡ ላይ አታስገቡ፤ እስከዚያው «ያልታወቀ» ብላችሁ ተዉት።