ሰኞ ጠዋት «ሆዴን» ለሚል ልጅ

ከ8 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በትምህርት ቀን ጠዋት ሆዱን ይዞ ቁርስ እንቢ ካለ፣ ቅዳሜ ግን ኳስ ሲያባርር ከዋለ፣ በቅድሚያ ጤና ጣቢያ ይመርመር፤ የአንጀት ትላትል ወይም የሽንት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ምርመራው ምንም ካላሳየ «አስመስሎ ነው» አይባልም። ስጋት የገባው ልጅ ሆዱን የምር ያመዋል።

ቀጥሎ ቤቱን ማየት ነው። ደሴ ውስጥ እናታቸው ዓረብ አገር ሆና አያት ጋር የሚያድጉ ልጆች ብዙ ናቸው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲደርስ ከቤታቸው የተፈናቀሉም አሉ። እንዲህ ያለ ልጅ የሚፈራው ትምህርቱን ላይሆን ይችላል፤ አያቱን አስቦ «እኔ ክፍል ሳለሁ እማማ አንድ ነገር ብትሆንስ?» እያለ ይሆናል። «ምን ሆነሃል?» ብላችሁ አታፋጥጡት። ምስር እየለቀማችሁ ወይም መንገድ ላይ «ክፍል ስትገባ ቤት ምን ይፈጠራል ብለህ ትሰጋለህ?» በሉት።

ትልቁ ስሕተት «ዛሬስ ይቅር» ማለት ነው። የቀረ ዕለት ሆዱ ወዲያው ይሻለዋል፤ መቅረት መድኃኒት መሆኑን ይማራል፤ ማክሰኞ ይብስበታል። ከስም ጠሪ መምህሩ ጋር ተነጋገሩና በደረጃ መልሱት፦ መጀመሪያ እስከ ክፍሉ በር ሸኙት፣ ቀጥሎ እስከ ግቢው በር፣ ከዚያ እስከ አስፋልቱ፣ በመጨረሻ ከጎረቤት ልጅ ጋር ይሂድ። በየደረጃው ከ3 እስከ 5 ቀን ቆዩ። ስንብቱ አጭር ይሁን፤ አያቱ ቆመው እንባ ሲጠርጉ ካየ የፈራው ነገር እውነት ይመስለዋል።

የእናት ስልክ ከሁሉም ይበልጣል። በደፈናው «እደውላለሁ» ከማለት፣ በሳምንት አንዴ ቢሆንም ቀንና ሰዓቱ ይቆረጥ፤ ከሳዑዲ ጋር የሰዓት ልዩነት የለም። አሠሪዎቿ ካልፈቀዱላት በኢሞ ድምፅ ቀድታ ትላክ፤ ልጁ ደጋግሞ ይሰማዋል። የጉዞዋ ቀን ሳይቆረጥ «ለዐረፋ እመጣለሁ» አትበል። የዕዳና የብር ወሬም እሱ በሚሰማበት አይነሳ። «ካስቸገርክ እናትህ አትመጣም» ማለት ለአንድ ቀን ጸጥ ያሰኘው ይሆናል፤ ግን መቅረቷን የእሱ ጥፋት ያደርገዋል።

«እማማ፣ አትሞቺም አይደል?» እያለ ሃያ ጊዜ ከጠየቀ፣ አንዴ «ከትምህርት ቤት ስትመጣ እጠብቅሃለሁ» ይባል፤ ሲደግም «ቅድም ምን አልኩህ?» ተብሎ ራሱ ይመልስ። ማባበሉ በተደጋገመ ቁጥር ጥያቄው ይበዛል።

ትንፋሽም ያግዛል፤ በ3 ቁጥር ማስገባት፣ በ5 ማስወጣት፣ 10 ጊዜ። ልምምዱ ደህና በሆነበት ሰዓት ይሁን፤ ከጨነቀው በኋላ አዲስ ነገር አይገባውም።

ጭንቀቱ 4 ሳምንት ካለፈ ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ (የቀድሞው ሪፈራል) ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አሳዩት፤ ጠበሉም ዱዓውም ሕክምናውን አይከለክሉም። ስለ ራሱ መሞት ካወራ ግን በዚያው ዕለት ውሰዱት፤ እስከዚያው ብቻውን አትተዉት።