የስማርት ቤታችሁ ሶፍትዌር ሊቀየር ነው? ቤቱ ሳይጨልም እንዴት እንደምትሻገሩ

ደብረ ማርቆስ፣ ወላጆቼ ግቢ ውስጥ አንድ ፓምፕ አለ። ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። ውኃ ሲመጣ ፓምፑን የሚያስነሳ፣ ሮቶው ሲሞላ የሚያጠፋ ሴንሰር ገጠምኩላቸው። እናቴ ሌሊት እየተነሳች ቧንቧ ማዳመጥ ተወች። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ከዚያ ዕቃዎቹን የሚያስተዳድረው ኩባንያ አሮጌውን ሶፍትዌር ትቶ ወደ አዲስ ተሻገረ። ማስታወቂያው በኢሜይል ደርሶኝ ነበር። አየሁት፣ "ስመቻች አነበዋለሁ" ብዬ ተውኩት። አንድ ሌሊት ፓምፑ ተነሳ። የሚያጠፋው ትእዛዝ ግን ወደ አዲሱ ሶፍትዌር አልተሻገረም ነበር። ሲነጋ ሮቶው ሞልቶ ፈስሶ ግቢው ረግረግ ሆኗል። ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካን ደርድሮ የሚጠብቀው ውኃ ነው እንዲያ የፈሰሰው። እናቴ ደውላ "ልጄ፣ ይኼ ነገር ይታመናል አላልከኝም?" አለችኝ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ዛሬ ባህር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ውስጥ ስማርት አምፖል፣ ካሜራ ወይም ሶኬት ያለበት ቤት ብርቅ አይደለም። ብዙው ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ነው። ሶፍትዌሩ ሲቀየር ግን ዘመድ አጠገባችሁ የለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ፦ ምን እንደሚቀየር እወቁ

ስማርት ቤት ሦስት ነገር ነው። አንዱ ዕቃው ነው፤ አምፖሉ፣ ሶኬቱ፣ ሴንሰሩ። ሁለተኛው ዕቃዎቹን የሚያገናኘው ሳጥን ነው፤ ሀብ ይባላል። ሦስተኛው ባሕር ማዶ ያለው የኩባንያው ሰርቨር ነው፤ በኢንተርኔት የሚደረስ ኮምፒውተር ማለት ነው። ማብሪያ በስልካችሁ ስትነኩ ብዙ ጊዜ ትእዛዙ እዚያ ሰርቨር ደርሶ ነው የሚመለሰው። አምፖሉ ከራሳችሁ በላይ ተሰቅሎ፣ ትእዛዙ ውቅያኖስ ያቋርጣል።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ስማርትቲንግስ ነው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2014 የገዛው መድረክ፣ ማለትም ስማርት ዕቃዎችን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ነው። ድሮ ተጠቃሚዎች ራሳቸው የጻፏቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች ግሩቪ በሚባል ቋንቋ ተጽፈው ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይሠሩ ነበር። በኋላ ሉዋ በሚባል ቋንቋ ወደተጻፉና እዚያው ቤት ውስጥ፣ ሀቡ ላይ ወደሚሠሩ ድራይቨሮች (ሀቡ ዕቃውን እንዲያዝ የሚያስችሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ተዛወረ። አሮጌው አሠራር ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ተዘጋ። ለውጡ ወደ መልካም ነው፤ ትእዛዙ ቤት ውስጥ ያልቃል፣ ይፈጥናል። ሆኖም አዲስ ድራይቨር ያልተሠራለት ዕቃ የነበረው ሰው፣ ወይም በአሮጌው ቋንቋ የተጻፈ ትእዛዝ ላይ የተደገፈ ሰው፣ ሁሉን ከሥር መሥራት ነበረበት።

ከዚያ የከፋም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ኢንስቲኦን የሚባለው ኩባንያ ሰርቨሮቹ ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፉ። የሰዎች አፕ ሞተ። ግድግዳ ላይ ያሉት ማብሪያዎች ግን እርስ በርስ በቀጥታ የተገናኙ ስለነበሩ መሥራታቸውን ቀጠሉ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምይዘው ይህን ነው፦ ቤት ውስጥ የሚያልቅ ትእዛዝ ይተርፋል።

እንግዲህ ኢሜይሉ ሲመጣ ሦስት ነገር ፈልጉበት። አሮጌው የሚዘጋበት ቀን፣ የማይደገፉ ዕቃዎች ዝርዝር፣ ሽግግሩ በራሱ ይሆናል ወይስ እናንተ ትጀምሩታላችሁ የሚለው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ቀኑን ቀን መቁጠሪያ ላይ በኛ አቆጣጠር ጻፉት።

አካውንቱ የማን ነው?

ይህን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ከረፈደ ነው። ዕቃውን የላከው ወንድም ዋሽንግተን ሆኖ በራሱ ኢሜይል ከፍቶት ሊሆን ይችላል። አዲሱ ሶፍትዌር ዳግም ግቡ ሲላችሁ የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚሄደው ወደ እሱ ስልክ ነው። እዚህ ጠዋት 4 ሰዓት ሲሆን እዚያ ሌሊት ነው፣ ተኝቷል። ቁጥሩ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ስለዚህ ከሽግግሩ በፊት ባለቤትነቱን ወደ እናንተ ኢሜይል ያዙር። ይህ ካልተቻለ በሁለታችሁም የነቃ ሰዓት ቀጠሮ ያዙ፤ እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ እዚያ ጠዋት ነው።

ደብተር አውጡ

አፑ ውስጥ አለ ብላችሁ አትመኑ። የሚጠፋው እሱ ነውና። ባለ ሃምሳ ሉህ ደብተር ይበቃል።

ለእያንዳንዱ ዕቃ ስሙን፣ ሞዴሉን፣ የተቀመጠበትን ክፍልና የሚገናኝበትን መንገድ ጻፉ። ዋይፋይ ነው፣ ዚግቢ ነው ወይስ ዚዌቭ? ሁለቱ የኋለኞቹ ዕቃዎች ከሀቡ ጋር ያለ ገመድ የሚነጋገሩባቸው መንገዶች ናቸው። ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ ፎቶ አንሱ። ማተር (የተለያዩ ኩባንያዎች ዕቃዎች አብረው እንዲሠሩ የወጣ የጋራ ደረጃ) የሚለው ምልክት ያለበት ከሆነ ባለ 11 አሃዙን ቁጥር በእጃችሁ ገልብጡ። ወረቀቱ በጭስና በእርጥበት ይደበዝዛል፤ ያ ቁጥር ከጠፋ ዕቃውን እንደገና ማስገባት ፈተና ነው።

ቀጥሎ ትእዛዞቹን በተራ አማርኛ ጻፉ። "ውኃ ሲመጣ ፓምፑ ይነሳ። ሮቶው ሲሞላ ይጥፋ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልሞላ ለማንኛውም ይጥፋ።" እንዲህ የተጻፈ ትእዛዝ የትኛውም መድረክ ላይ ተመልሶ ይሠራል። ስክሪን ሾትም አንሱ፣ ግን ደብተሩን አይተካም።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። አፑ የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። የማታ 12 ሰዓት ተኩል ማለት ለአፑ 18:30 ነው። ደብተሩ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ። አዲሱ ሶፍትዌር የሰዓት ክልሉንም ሊረሳ ይችላል። ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባ ከሌለ ናይሮቢን ምረጡ፤ ሰዓታችን አንድ ነው። "ፀሐይ ስትጠልቅ" የሚል ትእዛዝ ካላችሁ ደግሞ አፑ ውስጥ ያለው ቦታ በትክክል የእናንተ ከተማ መሆኑን እዩ።

ቀን መምረጥ

የበዓል ዋዜማ አይሆንም። እንግዳ የሚጠበቅበት ቀን አይሆንም። ውኃ የሚመጣበት ሌሊት ዋዜማም አይሆንም። ጠዋት ጀምሩ፤ ቢበላሽ ከመምሸቱ በፊት የምታስተካክሉበት ሰዓት ይኖራችኋል።

ትልቁ አደጋ መብራት መሄዱ ነው። አንድ ሀብ አዲሱን ሶፍትዌር እየጫነ ሳለ ኃይል ከተቋረጠ ላይነሳ ይችላል። እና ሀቡንና ራውተሩን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) ላይ ሰኩ። ሁለቱ ጥቂት ዋት ብቻ ስለሚበሉ ትንሿም ታገለግላለች። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፣ የሞባይል ዳታም ጥቅል ግዙ፤ የቤቱ ኢንተርኔት መሐል ላይ ቢቆም መጨረስ እንድትችሉ።

ቤተሰቡንም አስቀድማችሁ ንገሩ። "ዛሬ መብራቱ በስልክ አይታዘዝም፣ በግድግዳው ማብሪያ ተጠቀሙ" ማለት አንድ ደቂቃ ነው። ፓምፕ ካለ ደግሞ ከብሬከሩ አጥፉት። እኔ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ያ ውኃ አይፈስም ነበር።

ሽግግሩ ራሱ

በቅድሚያ የስልኩን አፕ አፕዴት አድርጉ። ቀጥሎ ሀቡን። ሀቡ ተነስቶ እስኪረጋጋ ሩብ ሰዓት ተዉት፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ከሶኬት አትንቀሉት። ከዚያ ወደ ዕቃዎቹ ሂዱ፣ አንድ በአንድ። ብዙ በማይጎዳው ጀምሩ፤ ለምሳሌ የሳሎን ጥግ መብራት። እሱ ከሠራ ቀጥሉ።

አንድ ነገር አደራ፦ ነገሩ ሲያስቸግር ሀቡን ከአፑ ላይ አትሰርዙ። ሀቡ ሲሰረዝ ሥሩ ያሉት ዕቃዎችና ትእዛዞቻቸው አብረው ይሄዳሉ። ዕቃን መሰረዝም የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ተሰርዞ የተመለሰ ዕቃ ለሶፍትዌሩ አዲስ ዕቃ ነው፤ የድሮው ትእዛዝ አያውቀውም። መጀመሪያ ድራይቨሩን ብቻ መቀየር ይቻል እንደሆነ እዩ።

እንደገና ማስገባት ግድ ከሆነ እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል።

ዚግቢ ከሆነ ከሀቡ ቅርብ ካለው ጀምራችሁ ወደ ሩቁ ሂዱ። ሶኬት ላይ የተሰኩት ዕቃዎች ምልክቱን እየተቀባበሉ ስለሚያስተላልፉ እነሱ ይቅደሙ፤ ባትሪ የሚበሉት ሴንሰሮች ይከተሉ። እያንዳንዱን በሚቀመጥበት ቦታ ላይ አድርጋችሁ አስገቡ። ወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ምልክቱን ያደክመዋል፤ ከግቢ በሩና ከሳሎኑ መሐል አንድ ስማርት ሶኬት ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ መፍትሔ ነው።

ዚዌቭ ከሆነ በመጀመሪያ ከአሮጌው መረብ መውጣት አለበት። ማንኛውም የዚዌቭ ሀብ ሊያስወጣው ይችላል፤ አሮጌው ሀብ ቢሞት እንኳ አዲሱ ይበቃል። ግን ከአሜሪካ የመጣው በ908.42 ሜጋኸርዝ፣ ከአውሮፓ የመጣው በ868.42 ነው የሚሠራው፤ ሁለቱ አይግባቡም። አዲስ ሀብ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ ይህን ንገሩት። እግረ መንገዳችሁን የኃይል መጠኑንም አረጋግጡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ዕቃ የኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል።

ዋይፋይ ከሆነ፣ ራውተሩ ከሚያሰራጫቸው የ2.4 እና የ5 ጊጋኸርዝ ሞገዶች ብዙዎቹ የሚያውቁት 2.4ቱን ብቻ ነው። ስልካችሁ 5 ላይ ከሆነ መገናኘት ሊያቅታቸው ይችላል፤ ለጊዜው 5ቱን ከራውተሩ አጥፉት። ራውተር የምትቀይሩ ከሆነም የድሮውን ስምና የይለፍ ቃል ፊደል በፊደል ለአዲሱ ስጡት። ዕቃዎቹ ምንም ሳትነኳቸው ተመልሰው ይገባሉ።

ገመዱን ነቅላችሁ ፈትኑ

ይህን ክፍል እንዳትዘሉት እለምናችኋለሁ። ጎጃም ውስጥ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ የጠፋበትን ወቅት አይተናል። በዚያን ጊዜ በሰርቨር ላይ የተንጠለጠለ ስማርት ሶኬት በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ብቻ ነበር።

ትእዛዞቹን ከደብተሩ እያያችሁ መልሱ፤ በጣም የሚያስፈልገው ይቅደም። እኛ ቤት ፓምፑ፣ ከዚያ የበር መብራቱ ነው። ከዚያ ከውጭ ወደ ራውተሩ የሚገባውን የኢንተርኔት ገመድ ንቀሉ። ራውተሩን አታጥፉት፤ የቤት ውስጥ ዋይፋዩ ይኑር። አሁን ሴንሰሩን ውኃ አስነኩት። ፓምፑ ተነሳ? ሲሞላ ጠፋ? ማብሪያው ታዘዘ? የሠራውን በደብተሩ ላይ ምልክት አድርጉበት። ያልሠራው በሰርቨር ነው የሚኖረው ማለት ነው።

ያልሠራው የጌጥ መብራት ከሆነ ተዉት። ውኃ፣ በር ወይም የሕመምተኛ ክፍል የሚነካ ከሆነ ግን ትእዛዙ ሀቡ ላይ እንዲሠራ የሚያደርግ ምርጫ አፑ ውስጥ ፈልጉ፤ ከሌለ ዕቃውን ቀይሩት። ፓምፕ ላይ ደግሞ ከሶፍትዌር ውጪ የሆነ መከላከያ ይኑር። እኔ ሮቶው ውስጥ ፍሎተር አስገጠምኩ። ውኃው ከፍ ሲል ተንሳፋፊው አብሮ ተነስቶ ራሱ ያቋርጣል፤ አፕዴት አያውቀውም። ሥራውን የሠራው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ፓምፑንም በኮንታክተር (ከባድ ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ማብሪያ) በኩል አደረገልኝ፣ ሞተር ሲነሳ የሚስበው ኃይል ስማርት ሶኬትን ስለሚጎዳ። የኤሌክትሪክ ምጣድንም ስማርት ሶኬት ላይ አትሰኩ። 16 አምፔር የሚል ሶኬት በ220 ቮልት የሚችለው 3520 ዋት ነው፤ ምጣድ እዚያው ድንበር ላይ ወይም ከዚያ በላይ ነው።

መድረኩን መተው ካማራችሁ

ሆም አሲስታንት የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ ነው። ራስበሪ ፓይ በሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ወይም በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ እዚያው ቤት ውስጥ ይሠራል። ለዚግቢ ዕቃዎች ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ ተቀባይ ይፈልጋል። መማር ይጠይቃል፣ አልዋሻችሁም፤ አንድ ቅዳሜና እሁድ አይበቃውም። የመረጠ ሰው በየጊዜው ባክአፑን ወደ ፍላሽ ይገልብጥ።

አልሄድም ካላችሁም ችግር የለም። አሮጌውን ሀብ ግን ቢያንስ ለአንድ ወር አትሽጡት፣ ለሰውም አትስጡት። አንድ የተረሳ ሴንሰር ሁልጊዜ ይወጣል።

ደብተሩ የወላጆቼ ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ነው ያለው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቁ "ፓምፑ እንቢ ካለ" ብዬ ብሬከሩ የቱ እንደሆነ ጻፍኩበት። ባለፈው ስሄድ እናቴን "እስቲ አሳዪኝ" አልኳት። ደብተሩን ሳትከፍት ሄዳ ሦስተኛዋን ብሬከር ወደ ታች አደረገችና ፓምፑ መቆሙን አዳመጠች።