አቅም ባጠረው ሆስፒታል የወሊድ አገልግሎት ጥራት እንዴት ይገመገማል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት አገልግሎት ጥራት መመዘኛ 8 ደረጃዎችና 352 መለኪያዎች አሉት። ሌሊቱን በሁለት አዋላጆች በሚሸፈን ማዋለጃ ክፍል ይህን ሁሉ ለመለካት መነሣት ግምገማውን ከጅምሩ ያስቀረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ከእናቶች ዋና ዋና ገዳዮች አንዱን ብቻ፣ ለምሳሌ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስን፣ ይምረጡ።

ቀጥሎ፣ አንድም የሕክምና ካርድ ከመገለጡ በፊት፣ መስፈርቱን በጽሑፍ ያስቀምጡ። ሕፃኑ እንደተወለደ ለእናቲቱ የደም መፍሰስን የሚከላከለው መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን፣ 10 ዩኒት ተሰጥቷልን? የፈሰሰው ደም ተለካ ወይስ በዓይን ተገመተ? መጠኑ 500 ሚሊ ሊትር ሲደርስ፣ ወይም ከዚያ በፊት የአደጋ ምልክት ሲታይ፣ ሕክምናው በስንት ደቂቃ ተጀመረ? መስፈርቱ ካርዶቹ ከተነበቡ በኋላ ከወጣ ገምጋሚው ሳያውቀው የለመደውን አሠራር ትክክል አድርጎ ይቆጥራል።

እጅግ አስቸጋሪው ሥራ ካርዶቹን ማግኘት ነው። ብዙ ጊዜ የማይገኙት በተለይ ልናነባቸው የሚገቡት፣ ማለትም የሞቱ እናቶች ካርዶች ናቸው፤ በካርድ ክፍል በተገኘው ብቻ የተሠራ ግምገማም ሆስፒታሉን ከእውነታው የተሻለ አስመስሎ ያሳያል። በመሆኑም የስም ዝርዝሩን ከወሊድ መዝገብ፣ ከኦፕሬሽን ክፍል መዝገብ፣ ከደም መጠየቂያ ቅጾችና ከሪፈር ወረቀቶች አመሳክረው ያዘጋጁ፤ ያልተገኙትንም ካርዶች ቆጥረው በሪፖርቱ ውስጥ ያስፍሩ። ከሞት አፋፍ የተመለሱ እናቶችንም ያካትቱ፤ ከሟቾች በቁጥር ይበልጣሉ፣ የደረሰባቸውንም ራሳቸው መናገር ይችላሉ።

ካርዱን ሲያነቡ፣ ያልተጻፈ ሁሉ እንዳልተደረገ፣ የተጻፈም ሁሉ እንደተደረገ አድርገው አይቁጠሩ። በየ30 ደቂቃው ሊደመጥ የሚገባው የፅንስ የልብ ምት ሌሊቱን ሙሉ 140 እየተባለ በአንድ እስክሪብቶ ከተሞላ፣ ፓርቶግራፉ፣ ማለትም የምጥ መከታተያ ቅጹ፣ ከወሊድ በኋላ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ሲታይ ባለሙያውን ለመውቀስ መቸኮል ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚያ ፈረቃ ስንት እናቶች ምጥ ላይ እንደነበሩና ስንት አዋላጆች እንደነበሩ ከእያንዳንዱ ካርድ ጎን ይመዝገብ። ማቀዝቀዣውንም ይመልከቱ። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ ሲገባው መብራት በተደጋጋሚ የሚጠፋበት ቦታ ከቆየ ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል፤ ካርዱ ላይ ግን «ተሰጥቷል» ከሚለው ቃል በቀር ምንም አይታይም።

ስድብና ችላ መባል በየትኛውም ካርድ ላይ አይሰፍሩም። ስለዚህ እናቶችን ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ ካዋለዷቸው ባለሙያዎች ፊት ሳይሆን ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ማነጋገር ያስፈልጋል።

ውጤቱን ለማዋለጃ ክፍሉ ሠራተኞች ሲያቀርቡ የእናቶችም የባለሙያዎችም ስም አይጠቀስ፤ ግምገማው ለዲሲፕሊን ቅጣት ከዋለ በሚቀጥለው ጊዜ የሚጠፉት ካርዶች ይበዛሉ። ከስብሰባው አንድ ወይም ሁለት ለውጦች ብቻ፣ ኃላፊና ቀነ ገደብ ተለይቶላቸው፣ ይውጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው መስፈርትና በዚያው የካርድ አመራረጥ ደግመው ይለኩ፤ የአመዘጋገብ መሻሻል የሕክምና መሻሻል እንዳይመስልም በሁለተኛው ዙር ከካርዱ ውጭ ያሉትን ማስረጃዎች፣ የማቀዝቀዣውን የሙቀት መዝገብና የእናቶቹን ቃል፣ እንደገና ያመሳክሩ።