በተማሪ ኪስ ጡንቻ ለመገንባት በቂ ምግብ እንዴት እንደሚበላ

በየግቢው ጂም ውስጥ አንድ ልጅ አይጠፋም። ሳይታክት ይመጣል፣ ብረት ያነሳል፣ ላቡ ጠብ እስኪል ይሠራል። ከ6 ወር በኋላ ግን ክንዱ ያው ክንድ፣ ትከሻውም ያው ትከሻ ነው። ለምን ሲባል "ፕሮቲን ዱቄት መግዣ የለኝማ" ይላል። እኔም የዶርም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ እል ነበር። ቁጭ ብዬ የምበላውን ስደምር ግን የጎደለኝ ዱቄቱ እንዳልነበር ገባኝ። ቀኑን ሙሉ የምበላው ምግብ ያለሁበትን ኪሎ ከማቆየት አያልፍም ነበር።

መፍትሔው አልጋዬ ሥር ነበር፤ ከቤት የተላከልኝ ስንቅ። አያቶቻችን ረጅም መንገድ ሲነሱ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይቋጥሩ ነበር። ቦታ አይፈጅም፣ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ ጉልበቱ ግን ብዙ ነው። ምድጃ ለተከለከለበት፣ ማቀዝቀዣ ለሌለውና ኪሱ ለሳሳ ተማሪ ከዚህ የሚሻል ምግብ አላውቅም። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚሁ ስንቅ ላይ የተመሠረተ ነው።

1. ተመዘኑ፣ ቁጥራችሁን አውጡ

የግቢ ክሊኒክ ሚዛን አለው። ከሌለም መንገድ ዳር ሰው የሚመዝኑ ልጆች ጋ መመዘን ይቻላል። በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን ስፖርት የሚሠራና በእግሩ የሚመላለስ ወጣት ክብደቱን በ45 ያባዛ፤ የሚወጣው በቀን የሚያስፈልገው የካሎሪ ግምት ነው። ብዙ የማትንቀሳቀሱና ሴት ተማሪዎች በ40 ብትጀምሩ ይበቃል። ፕሮቲን ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.6 ግራም ነው።

60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንውሰድ። 60 በ45 ሲባዛ 2700 ካሎሪ፣ 60 በ1.6 ሲባዛ 96 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። ቁጥሩ መነሻ ብቻ ነው፤ ትክክለኛውን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሚዛኑ ራሱ ይነግራችኋል።

2. ለ3 ቀን የበላችሁትን ሁሉ ጻፉ

ሳትቀንሱ ሳትጨምሩ፣ እንደወትሯችሁ እየበላችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ቁርስ ዳቦ በሻይ፣ ምሳ አንድ እንጀራ በሽሮ፣ እራት እንደዚያው፣ መክሰስ ምንም። ለድምሩ የሚከተሉትን ግምቶች ተጠቀሙ፤ የእህልና የጥራጥሬው መጠን ከመቀቀሉ በፊት ያለው ነው፦

- በሶ 100 ግራም፦ 350 ካሎሪ፣ 10 ግራም ፕሮቲን
- ኦቾሎኒ 100 ግራም፦ 570 ካሎሪ፣ 25 ግራም ፕሮቲን
- ምስር 100 ግራም፦ 350 ካሎሪ፣ 24 ግራም ፕሮቲን
- ሽምብራ 100 ግራም፦ 360 ካሎሪ፣ 19 ግራም ፕሮቲን
- ፓስታ 100 ግራም፦ 360 ካሎሪ፣ 12 ግራም ፕሮቲን
- ዳቦ 100 ግራም፦ 260 ካሎሪ፣ 8 ግራም ፕሮቲን
- አንድ እንቁላል፦ 70 ካሎሪ፣ 6 ግራም ፕሮቲን
- አንድ ሊትር ወተት፦ 600 ካሎሪ፣ 32 ግራም ፕሮቲን
- አንድ ሙዝ፦ 100 ካሎሪ
- አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፦ 120 ካሎሪ

እንጀራ ለብቻው ላንሳው። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ስለሆነ 100 ግራም እንጀራ የሚሰጠው ጉልበት 100 ግራም በሶ ከሚሰጠው ግማሹን አይሞላም። ሆድ ሲሞላ "ጠገብኩ" እንላለን፤ ካሎሪው ግን ገና ነው። ጤፍ ግሩም እህል ነውና እንጀራውን አትተዉ። ኪሎ ለመጨመር ሁለተኛና ሦስተኛ እንጀራ ለመደራረብ መታገል ግን አያዋጣም። እንጀራችሁን እንደወትሮው ብሉና በምግብ መሐል ስንቁን አስገቡበት።

3. ጉድለቱን በስንቅ ሙሉ

የ60 ኪሎው ልጃችን የ3 ቀን መዝገቡን ደምሮ ለ3 ሲያካፍለው በቀን 1900 ካሎሪና 55 ግራም ፕሮቲን አገኘ እንበል። 800 ካሎሪና 41 ግራም ፕሮቲን ይጎድለዋል። አሞላሉ እንዲህ ነው።

ጠዋት ከክፍል በፊት 100 ግራም በሶ በውሃ በጥብጦ ይጠጣል፤ 350 ካሎሪ። ከሰዓት 50 ግራም ኦቾሎኒ፤ 285 ካሎሪ። በቀን ውስጥ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፤ 140 ካሎሪ። ድምሩ ከ2670 ያልፋል፣ ፕሮቲኑም 89 ግራም ገደማ ይደርሳል። የቀረውን 7 ግራም አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ይሞላዋል። አንድም የታሸገ ዱቄት አልተገዛም።

"100 ግራም በምን ልለካ?" የሚል ይኖራል። በሶውን ስትገዙ ባለሱቁ 100 ግራሙን ለብቻ በፌስታል እንዲመዝንላችሁ ጠይቁ። ዶርም ስትገቡ ስንት ማንኪያ እንደሚወጣው ቁጠሩ። ከዚያ ወዲያ ማንኪያዋ ሚዛናችሁ ናት። ኦቾሎኒውንም በመዳፋችሁ እንዲሁ ለኩት።

በሶን መጠጣት የማይወድ ጭብጦ ያድርገው። በሶ፣ ጨው፣ ትንሽ በርበሬ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፤ ውሃውን ጠብ እያደረጉ በእጅ ማሸትና መጨበጥ ነው። ከዘይቱ የሚገኘው 120 ካሎሪ ጭማሪ ነው። ከቤት ቅቤ የሚላክለት ደግሞ እንደ ጭኮ በቅቤ ይለውሰው። አንዱን ጭብጦ በፌስታል ጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ መያዝ በሁለት ክፍለ ጊዜ መሐል ያለውን ረሃብ ያስታግሳል። ጣፋጭ የሚፈልግ በሶውን ከተፈጨ ሙዝ ጋር ይበጥብጠው፤ ስኳር መጨመር አያስፈልገውም።

ሆዳችሁ ቶሎ የሚነፋ ከሆነ በ50 ግራም ጀምራችሁ በየሳምንቱ ጨምሩ። በሶ ብዙ አሰር ስላለው ውሃ በደንብ መጠጣት ግድ ነው።

4. ፕሮቲኑን ከጥራጥሬና ከእህል አጋቡት

100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ፕሮቲን ይዟል፤ 100 ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ ደግሞ 20 ገደማ። እርግጥ የሥጋው ፕሮቲን በተሻለ ይዋጣል፣ ጡንቻ የሚፈልጋቸው አሚኖ አሲዶችም (ፕሮቲን የሚሠራባቸው ክፍሎች) በሙሉ አሉት። ጥራጥሬ ሜቲዮኒን የሚባለው ያንሰዋል፣ እህል ደግሞ ላይሲን። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እናቶቻችን ሽሮን በእንጀራ፣ የሽምብራ ቆሎን ከገብስ ቆሎ ጋር ሲያቀርቡልን ኖረዋል። ስለዚህ በግቢ ካፌ ሽሮ ወይም ምስር ሲቀርብ ወጡን ሳታስተርፉ ጨርሱ፤ ጭማሪ ከተፈቀደም ከእንጀራው ይልቅ ወጡን አስጨምሩ።

አኩሪ አተር በ100 ግራም 36 ግራም ፕሮቲን ስላለው ከሁሉም ይበልጣል። ነገር ግን ጥሬውን ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር ስላለበት በደንብ ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ ብቻ ነው የሚበላው። ከቤት በሶ ሲፈጭላችሁ ትንሽ የተቆላ አኩሪ አተር እንዲቀላቀልበት ጠይቁ። እኔ ይህን ያወቅሁት ልመረቅ ስል ነው፤ እናንተ ቀድማችሁ ተጠቀሙበት።

ኖን ካፌ የሆናችሁ (በግቢ ካፌ የማትመገቡ) እና ተከራይታችሁ የምትኖሩ እሳት ስላላችሁ ብዙ ትችላላችሁ። ፓስታ በምስር ወጥ፣ ንፍሮ፣ ድንች በእንቁላል ሁሉም ርካሽና በቂ ጉልበት ያላቸው ናቸው። ከውጭ እርጥብ ስትገዙም የተቀቀለ እንቁላል ይዛችሁ ሂዱና ጨምሩበት።

5. በብር የሚገኘውን ካሎሪ አስሉ

ዋጋ ከከተማ ከተማ፣ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ "ይህን ግዙ" ከማለት አሰላሉን ብነግራችሁ ይሻላል። በአንድ ኪሎ ውስጥ ያለውን ካሎሪ በአንድ ኪሎ ዋጋ አካፍሉት። ለስሌት እንዲመች በሶ በኪሎ 140 ብር ነው እንበል፤ 3500 ለ140 ሲካፈል በ1 ብር 25 ካሎሪ ታገኛላችሁ። ለኦቾሎኒው፣ ለፓስታው፣ ለዳቦው እንዲሁ አድርጉና አወዳድሩ። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥም 130 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ሁሉም ግን ስኳር ነው፣ ፕሮቲን የሚባል የለውም። በሳምንት ስንት ጠርሙስ እንደምትጠጡ ቆጥራችሁ ገንዘቡን ወደ እንቁላል ብታዞሩት ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ከሱቅ በእፍኝ ከመግዛት ከዶርም ጓደኞች ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ገበያ ሄዶ በ5 ኪሎ መግዛት ይረክሳል። ከሁሉ የሚረክሰው ግን ከቤት የሚላክ ነው። እናታችሁ ወይም እህታችሁ "ምን ልላክልህ? ምን ልላክልሽ?" ስትል ብስኩት አትበሉ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ በሉ።

6. ጾም ሲመጣ አትቋረጡ

ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ሌሎቹም አጽዋማት ሲደመሩ የዓመቱን ትልቅ ክፍል ይይዛሉ። ጾመኛ ሆኖ ጡንቻ መገንባት ይቻላል፤ እቅድ ግን ይፈልጋል። እንቁላሉን በአኩሪ አተር ወይም በምስር፣ ቅቤውን በዘይትና በኦቾሎኒ ተኩ። እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ስፖርቱን ወደ ማምሻው አዙሩትና ከ9 ሰዓት እስከ መኝታ ሦስት ጊዜ ብሉ፦ መጀመሪያ ምሳውን፣ ከስፖርት በኋላ እራቱን፣ ከመተኛት በፊት በሶውን። ከጾም በኋላ የሚበላው አንድ ትልቅ ማዕድ ብቻውን 2700 ካሎሪ አይሞላም።

በረመዳን ደግሞ ሱሁር ላይ በሶና ኦቾሎኒ ቀስ ብሎ የሚፈጭ ጉልበት ይሰጣል። ለኢፍጣር ቴምሩ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ዋናው ምግብ ግን ፕሮቲን ይኑረው።

7. ከእነዚህ ተጠንቀቁ

ጥሬ እንቁላል መጠጣት ጂም ውስጥ እንደ ጀግንነት ይታያል። የጥሬው ፕሮቲን ግን ከበሰለው በጣም ያነሰ ነው የሚዋጠው፣ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያም ሊያሲዝ ይችላል። ቀቅሉት። የላም ወተትም ከሰው ቤት ከተገዛ መፍላት አለበት።

ኦቾሎኒ የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም የሚመር ከሆነ ጣሉት። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ ቢቆላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ጓያን በተመለከተ አጥብቄ እናገራለሁ። ርካሽ ነው፣ ፕሮቲኑም ብዙ ነው፤ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን ሽባ ያደርጋል፣ ጉዳቱም አይመለስም። በሰሜኑ አገራችን በችግር ዘመን ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። ዋጋው ከሌላው በጣም የወረደ ሽሮ ስታገኙ ምን እንደተቀላቀለበት ሳትጠይቁ አትግዙ።

ጫት ለጥናት ብለው የሚቅሙ አሉ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍም ይነሳል፤ ጡንቻ የሚገነባው ደግሞ በምግብና በእንቅልፍ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ አይቻልም። ሻይና ቡና ደግሞ በምግብ ላይ ሲጠጡ የአይረንን መዋጥ ስለሚቀንሱ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይራቁ።

8. ስፖርቱን እየከበደ እንዲሄድ አድርጉ

የተጨመረው ምግብ ጡንቻ የሚሆነው ሰውነት ሥራ ሲበዛበት ነው፤ ያለዚያ ስብ ይሆናል። ጂም መክፈል ካልቻላችሁ ፑሽ አፕ፣ ፑል አፕና ስኳት ይበቃሉ። መጽሐፍ የሞላ ቦርሳ አዝሎ መሥራት ክብደት ይጨምራል። በየሳምንቱ ወይ ቁጥሩ ወይ ክብደቱ ይጨምር።

9. በየሳምንቱ ተመዘኑና አስተካክሉ

ሁልጊዜ በአንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ምንም ሳትበሉ፣ ከመጸዳጃ በኋላ ተመዘኑ። 60 ኪሎ ለሆነ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ግራም መጨመር ጥሩ ነው፤ በወር 1 ኪሎ ገደማ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሚዛኑ ካልተነቃነቀ 35 ግራም ኦቾሎኒ ጨምሩ፤ 200 ካሎሪ ማለት ነው። ወገባችሁ ከትከሻችሁ ቀድሞ ከሰፋ ይህንኑ ያህል ቀንሱ።

የኩላሊት ሕመም ወይም ስኳር ያለባችሁ ይህን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። በደንብ እየበላችሁ ኪሎ የምትቀንሱ፣ ሆዳችሁን የሚቆርጣችሁ፣ ወይም ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳልና የሌሊት ላብ ያለባችሁ ደግሞ በምግብ ለማካካስ አትሞክሩ። አሜባ፣ ጃርዲያ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ወደ ክሊኒክ ሄዳችሁ ሰገራና አክታ አስመርምሩ። መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ከወሰዳችሁ በኋላ ወደ በሶው ተመለሱ።