ከውጭ ሆኖ መፋታት፦ በስምምነት ወይስ በክርክር?

የአክስቴ ልጅ ኩዌት ሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርታለች። በየወሩ የምትልከው ገንዘብ ባሏ እጅ ይገባ ነበር። በዚያ ገንዘብ አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ቤት ተሠራ። ካርታው ግን በእሱ ስም ወጣ። ትዳሩ ሲበላሽ በስልክ ያለችኝን አልረሳውም። «ስሜ የሌለበትን ቤት ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ይፈርምልኝና ልገላገል።»

ለመገላገል ብላ የቤቷን ግማሽ ልትተው ነበር። ይህን የምጽፈው እንደ እሷ የሚያስብ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው።

አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ብዙ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ጉዳያችሁ ባሕር ዳር ወይም አዳማ ከሆነ የዚያን ክልል ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያዙ። በዚህ አዋጅ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ ሠርተው ያገኙት ገቢ የጋራ ነው። ከኩዌትም ይምጣ ከመርካቶ ልዩነት የለውም። ንብረቱ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። «የግሌ ነው» የሚል ወገን ራሱ ያስረዳ። የግል የሚባለው በዋናነት ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በውርስና በስጦታ የመጣ ነው። የሐዋላ ደረሰኞቻችሁን ግን አትጣሉ፤ ክርክር ሲመጣ ይጠቅማሉ።

አሁን ወደ ፍቺው። በስምምነት መፋታት ማለት «እንለያይ» መባባል ብቻ አይደለም። ልጆቹ ከማን ጋር ይኖራሉ? ቀለቡ ስንት ነው? ቤቱስ? ዕዳውስ? ይህ ሁሉ በጽሑፍ ሰፍሮ ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ምክንያት የመናገር ግዴታ የለባችሁም። ዳኛው ሁለታችሁን ያነጋግራል፤ ከ3 ወር የማይበልጥ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ስምምነቱ በነጻ ፈቃድ የተደረገ መሆኑን ያያል። ልጆችን ወይም አንዱን ወገን የሚጎዳ ሆኖ ካገኘው ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የቀረውን ሊያስተካክል ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ አንዱ ብቻውን አቤቱታ ሲያቀርብ ነው። እዚህ ላይ ሰው በጣም ይሳሳታል። «እሱ ካልፈረመ አልፈታም» ይባላል። ልክ አይደለም። በዚህም መንገድ ቢሆን ምክንያት መዘርዘር ግዴታ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ለማስታረቅ ይሞክራል፣ ወደ መረጣችሁት ሽማግሌ ይልካችኋል፣ እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜም ይሰጣል። ካልሆነ ፍቺውን ይወስናል። ዓመታት የሚፈጀው አብዛኛውን ጊዜ ፍቺው ሳይሆን የንብረቱ ክርክር ነው። ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ ስለ ልጆች፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ጊዜያዊ ትዕዛዝ መጠየቅ ይቻላል።

ሽማግሌ ፊት ተፈራርሞ መለያየትስ? ፍቺ መወሰን የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ለብዙ ዓመት ተራርቆ መኖርንም እንደ ፍቺ አትቁጠሩት።

ከውጭ ሆናችሁ ስትጨርሱ ነገሩ ሁሉ የሚንጠለጠለው ውክልናው ላይ ነው። ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ቤት ለመሸጥ፣ ለመክሰስ፣ ለመከራከርና ለመስማማት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ «ፍቺ»፣ «የጋራ ንብረት ክፍፍል»፣ «የልጆች ጉዳይ» የሚሉት ቃላት በግልጽ ይጻፉበት። ሰነዱ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይረጋገጣል። ከዚያ አገር ቤት ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ ውልና ማስረጃ ይሄዳል። በስምምነት ፍቺ ዳኛው ባልና ሚስቱን ማነጋገር ስላለበት፣ ወኪል ብቻውን ቢቀርብ ችሎቱ ይቀበል እንደሆነ ጠበቃችሁ አስቀድሞ ያጣራ። ለትዳር ጓደኛችሁ ቀድሞ የሰጣችሁት ውክልና ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ሻሩት። የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ሆኖም ውክልናው እጁ ላይ ካለ የእናንተንም ፊርማ እንደያዘ ቁጠሩት። ያለ ፈቃዳችሁ ከተሸጠ ውሉ እንዲፈርስ የምትጠይቁት ባወቃችሁ በ6 ወር ውስጥ ነው። ሽያጩ 2 ዓመት ካለፈው ግን ያ በር ይዘጋል።

ከሳሹ እሱ ሆኖ እናንተ ሳትሰሙ በሌላችሁበት ቢወሰንስ? መጥሪያ በጋዜጣ ሊወጣ ይችላል፤ ሪያድ ወይም ቤሩት ያለ ሰው ደግሞ ጋዜጣውን አያየውም። በቂ ምክንያት ካላችሁ ውሳኔው እንዲነሳ ማመልከት ትችላላችሁ። ጊዜው ግን ውሳኔውን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ 1 ወር ብቻ ነው። ወሬው እንደደረሳችሁ ጠበቃ ጋ ደውሉ።

ሁለታችሁም አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ አገር ቤት በውክልና መፋታት ጣጣ አለው። የአሜሪካ ግዛቶች በአብዛኛው ፍቺውን በሰጠው አገር ቢያንስ አንዳችሁ ነዋሪ እንድትሆኑ ይፈልጋሉ። ኋላ አዲስ የትዳር ጓደኛ በቪዛ ስታመጡ ጥያቄው ይነሳል። እዚያው መፋታት ይሻላል። ካሊፎርኒያ ቢያንስ 6 ወር ያስጠብቃል። ቨርጂኒያ የ1 ዓመት መለያየት ይጠይቃል፤ የጽሑፍ ስምምነት ካላችሁና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሌላችሁ ግን 6 ወር ይበቃል። የውጭ ፍርድ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲፈጸም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል።

ውሳኔው በእጃችሁ ሲገባ ፍቺውን በወሳኝ ኩነት አስመዝግባችሁ የምስክር ወረቀቱን አውጡ። እንደገና ለማግባት ስትሄዱ መጠየቃችሁ አይቀርም።

የአክስቴ ልጅ ልዩ ውክልናውን ኩዌት አስጨርሳ ለእናቷ ላከች። ጠበቃው መጀመሪያ ያደረገው ቤቱ እንዳይሸጥ እግድ ማውጣት ነበር። ባልየው ለስምምነት የተቀመጠው ከእግዱ በኋላ ነው።