የኦንላይን ኮርስ አዘጋጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር ሳይታወቀው ብዙ ስህተት ያርማል። የአንዱ ተማሪ ግንባር ሲቋጠር ምሳሌ ይጨምራል፤ ከኋላ ሹክሹክታ ሲበረክት የሰጠውን ትእዛዝ ደግሞ ያብራራል። ኦንላይን ላይ ግንባር አይታይም። ግራ የገባው ተማሪ ገጹን ዘግቶ ይሄዳል፤ ችግሩ የሚታወቀውም የማስረከቢያው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ መምህሩ በዓይኑ እያየ ያርመው የነበረው ሁሉ ቀድሞ በኮርሱ አሠራር ውስጥ መግባት አለበት። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

ከስላይዱ መጀመር

ኮርስ አዘጋጅ የተባለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚከፍተው በእጁ ያለውን ስላይድ ነው። ውጤቱ የታወቀ ነው፦ ይዘቱ ሁሉ ይገባል፣ መልመጃው ጊዜ አጥሮት ይቀራል፣ ፈተናው በመጨረሻዋ ሌሊት ይጻፋል። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። ተማሪው ኮርሱን ሲጨርስ ምን መሥራት እንደሚችል ይጻፉ፤ ቀጥሎ መቻሉን የሚያሳየውን ሥራ ይወስኑ፤ ከዚያ ለዚያ ሥራ የሚያለማምደውን መልመጃ ያዘጋጁ። ይዘት የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ እሱም መልመጃው የሚጠይቀውን ያህል ብቻ።

ግብ ሲጻፍ «ይረዳሉ»፣ «ያውቃሉ»፣ «ግንዛቤ ያገኛሉ» የሚሉት ቃላት የማይጠቅሙት በዓይን ስለማይታዩ ነው። «ስለ በጀት ግንዛቤ ያገኛሉ» ከሚል ግብ ፈተና አይወጣም። «የአንድ ወር የገቢና የወጪ ዝርዝር ተሰጥቷቸው ጉድለቱ የተፈጠረበትን መደብ ይለያሉ፤ ሁለት ማስተካከያ ከነምክንያቱ ያቀርባሉ» ከሚለው ግን ፈተናውም፣ መልመጃውም፣ የሚያስፈልገው ንባብም ይወጣል። ለአንድ ሞጁል ከሁለት እስከ አራት ግብ ይበቃል። ስምንት ከደረሰ ሞጁሉን ለሁለት መክፈል ነው።

የአንድ ሰዓት ሌክቸር ቀድቶ መጫን

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ኤዴክስ (edX) በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ኮርሶች ላይ የተሠራ ጥናት 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን መርምሯል። ቪዲዮው ምንም ያህል ቢረዝም፣ ተማሪዎች የሚያዩበት መካከለኛ ጊዜ ከ6 ደቂቃ አላለፈም። ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ የ60 ደቂቃውን ሌክቸር አሥር ቦታ ይቆራርጠዋል፤ ይህ ግን መፍትሔ አይደለም። የተቆረጠው ሌክቸር «ቅድም እንዳልኩት» ሲል ተማሪው የትኛው ቅድም እንደሆነ አያውቅም። እያንዳንዱ ቪዲዮ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልስ፤ ጥያቄው በመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች ይነገር፤ ቪዲዮው ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ከመታለፉ በፊት ተማሪው የሚሠራው አንድ ነገር ይኑር። ከመቅረጽዎ በፊት የሚናገሩትን ጽፈው በሰዓት እየለኩ ጮክ ብለው ያንብቡት። ሰላምታውና የኮርሱ ታሪክ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይወድቃሉ።

ስላይዱ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል ማንበብ ሌላው ጣጣ ነው። ተማሪው በራሱ ፍጥነት ያነባል፣ ጆሮው ደግሞ በእርስዎ ፍጥነት ይሰማል፤ ሁለቱ ይጋጩና ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል። ስላይዱ ላይ ሥዕሉን፣ ሠንጠረዡን ወይም ቁልፍ ቃሉን ይተዉ፤ ማብራሪያውን በድምፅ ይስጡ።

የፋይሉን መጠንም ያስሉ። በሴኮንድ 1.5 ሜጋቢት የተቀረጸ የ6 ደቂቃ ቪዲዮ 68 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው)። በ500 ኪሎቢት ከሆነ ወደ 23 ይወርዳል፤ ድምፁ ብቻ በ64 ኪሎቢት 3 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ምስሉ እምብዛም ለማይንቀሳቀስ ስላይድ 500 ኪሎቢቱ በቂ ነው። ድምፁንና የንግግሩን ጽሑፍ ለብቻ ማስቀመጥ ደካማ ኢንተርኔት ያለውን ተማሪ ከኮርሱ እንዳይወጣ ያደርገዋል።

ጥያቄን ለማርክ ብቻ ማዋል

አብዛኛው ኮርስ በጣም የሚያባክነው ነገር ይኸ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ሙከራ አንዳንዶቹ ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ ደጋግመው አነበቡ፤ ሌሎቹ አንብበው ሲያበቁ ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን በግልጽ የበለጡት ከአእምሯቸው አውጥተው የጻፉት ሆኑ። ጥያቄ መለኪያ ብቻ ሳይሆን ራሱ ማስተማሪያ ነው። ስለዚህ ማርክ የሌላቸው አጫጭር ጥያቄዎች ከትምህርቱ በኋላ ወዲያው፣ ከሁለት ቀን በኋላ፣ እንደገና ከሳምንት በኋላ ይምጡ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያሉት ጥያቄዎች የመጀመሪያውን ሳምንት ትምህርትም ይንኩ።

ጥያቄው ራሱ እንዴት እንደሚጻፍ አንድ ምሳሌ ይታይ፦ «የአንድ ዕቃ ዋጋ በ20 በመቶ ጨመረ፤ ከዚያ በ20 በመቶ ቀነሰ። አሁን ያለው ዋጋ ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር ምን ይሆናል?» ምርጫዎቹ፦ ሀ) እኩል ይሆናል፤ ለ) በ4 በመቶ ያንሳል፤ ሐ) በ4 በመቶ ይበልጣል። «ሀ» የተቀመጠው ቦታ ለመሙላት አይደለም፤ ሁለቱን መቶኛዎች ዝም ብሎ የሚያቻችል ተማሪ የሚመርጠው እሱን ነው። ያንን ለመረጠ «ተሳስተሃል» ብሎ ማለፍ ምንም አያስተምርም። «ሁለተኛው 20 በመቶ የተሰላው ከየትኛው ዋጋ ላይ ነው? ከ100 ተነስተው ይሞክሩት» የሚል ግብረ መልስ ግን ወደ 120፣ ከዚያም ወደ 96 ይወስደዋል። «ሐ» የተጻፈው ደግሞ ልዩነቱን አስልቶ አቅጣጫውን ለሚስት ተማሪ ነው። በዚህ ዓይነት የታሰበባቸው ሦስት ምርጫዎች ይበቃሉ። አራተኛውንና አምስተኛውን ለመሙላት የሚፈለሰፉት ምርጫዎች ማንንም አያሳስቱም፤ «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚለውም የተማሪውን እውቀት ሳይሆን ግምቱን ይፈትናል።

«ሐሳባችሁን ስጡ፤ ለሁለት ሰዎችም መልሱ»

ይህ ትእዛዝ ባለበት ሁሉ «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እኔም እስማማለሁ» የሚል መልስ ይጎርፋል። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም፤ አንድ መልስ ያለው ጥያቄ ቀርቦለት የመጀመሪያው ጻፊ ጨርሶታል። ለውይይት የሚሆነው ውሳኔ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፦ ሁለት አማራጭ፣ የተወሰነ ገንዘብ ወይም ጊዜ፣ እና «የትኛውን ይመርጣሉ? የመረጡት ምን ያሳጣዎታል?» የሚል ጥያቄ። ሠላሳ ሰው በአንድ የውይይት ክር ላይ ከማጨናነቅ ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ባለው ቡድን ይክፈሉት። ሙድል (Moodle) በተባለው የኮርስ ማስተዳደሪያ ሲስተም ላይ የጥያቄና መልስ ዓይነት የሚባለው የውይይት መድረክ ተማሪው የራሱን ሳይጽፍ የሌሎቹን አያሳየውም፤ ይህ ብቻውን መቀዳዳትን ያስቀራል። መምህሩ ለእያንዳንዱ መልስ መስጠት የለበትም። በሳምንቱ አጋማሽ የተነሱትን ሁለት ሦስት አቋሞች አጠቃልሎ አንድ የሚያከራክር ጥያቄ ቢጨምር የተሻለ ነው።

ግልጽ ያልሆነ ትእዛዝ

«እስከ ዓርብ እኩለ ሌሊት አስረክቡ» ሲባል ለአንዱ የሐሙስ ሌሊት፣ ለሌላው የዓርብ ሌሊት ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱና የሰዓት ቀጠናው፣ የፋይሉ ዓይነት፣ የሚጫንበት ቦታ፣ ይወስዳል የሚባለው ጊዜና የማርክ አሰጣጡ በአንድ ገጽ ላይ ይቀመጡ። የየሳምንቱ ገጽ አቀማመጥም አንድ ዓይነት ይሁን።

በራስ ኮምፒውተር ብቻ መፈተሽ

ኮርሱን በትልቅ ስክሪንና በፈጣን ኢንተርኔት ብቻ ያየ አዘጋጅ ግማሹን ችግር አላየም። በስልክ፣ በሞባይል ዳታ ይክፈቱት። ቪዲዮው ንግግሩን የሚያሳይ የግርጌ ጽሑፍ ይኑረው። በጽሑፉና በመደቡ ቀለም መካከል ያለው ንፅፅር ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን እንዳለበት ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ያዛል፤ ነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ ይህን አያልፍም። በስካነር የተነሳ ፒዲኤፍ ለማየት ለሚቸገር ተማሪ ባዶ ወረቀት ነው፤ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብለት ሶፍትዌር (ስክሪን አንባቢ) ፊደል ሳይሆን ፎቶ ነውና የሚያገኘው።

አንድ የተደበቀ ወጥመድም አለ። በስኮርም (SCORM) 1.2፣ ማለትም ኮርስን በተለያዩ የማስተማሪያ ሲስተሞች ላይ እንዲከፈት አድርጎ በሚያሽገው ደረጃ፣ የታሸገ ኮርስ የተማሪውን መልስና የደረሰበትን ሁኔታ የሚያስታውስበት ቦታ 4096 ቁምፊ ብቻ ነው። ኮርሱ ረዝሞ ይህ ሲሞላ ተማሪው ተመልሶ ሲገባ ካቆመበት ላያገኘው ይችላል፤ ስህተቱም አጭር ሙከራ ላይ አይታይም። ረጅሙን ኮርስ በትናንሽ ጥቅሎች ይክፈሉት፤ ከማውጣትዎ በፊትም እስከ መጨረሻው ሠርተው፣ ወጥተው፣ ተመልሰው ይግቡ።

«የሚያይ»፣ «የሚሰማ»፣ «የሚነካ» ብሎ ተማሪን መመደብ

ሰዎች በሚማሩበት መንገድ ምርጫ አላቸው። ነገር ግን ትምህርትን በዚያ ምርጫ መሠረት መከፋፈል ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ እንደሌለ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሰፊ ግምገማ አረጋግጧል። መንገዱን የሚመርጠው ትምህርቱ ነው፦ የቃል አነባበብ በድምፅ፣ ካርታ በሥዕል።

በአስተያየት ቅጽ መርካት

«ኮርሱን ወደውታል?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» መባሉ ስለ መማር የሚለው ነገር ትንሽ ነው። ከእሱ ይልቅ ሲስተሙ ያስቀመጠውን ይመልከቱ፦ ተማሪዎች የሚያቆሙት የትኛው ገጽ ላይ ነው? የትኛው ጥያቄ ላይ አብዛኛው ሰው አንድ ዓይነት የተሳሳተ ምርጫ መረጠ? ይህ ሲሆን ወይ ትምህርቱ ተሳስቷል ወይ የመልሱ ቁልፍ፤ መጀመሪያ ቁልፉን ይፈትሹ። ለሥራ የሚሰጥ ሥልጠና ከሆነ ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በኋላ የሠሩትን እውነተኛ ሥራ አንድ ናሙና ይጠይቁ።

ሙያን በሰርተፊኬት ብዛት ማሳደግ

ፍላሽ የተባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር በአንድ ወቅት የኦንላይን ኮርስ ማዘጋጃ ዋና መሣሪያ ነበር፤ አዶቤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ድጋፉን ሲያቆም ብዙ ኮርስ መከፈት አቃተው። መሣሪያ ይማሩ፣ ሰርተፊኬቱንም ይውሰዱ፣ ግን ሙያዎን እሱ ላይ ብቻ አይትከሉ። በጣም የሚያሳድገው፣ በጣም የሚሸሸውም፣ አንድን ተማሪ አጠገብ ወይም በስክሪን ማጋሪያ ተቀምጦ ሠላሳ ደቂቃ ማየት ነው። አይርዱት። «አሁን ምን እያሰቡ ነው?» ከማለት በቀር ዝም ይበሉ፤ የቆመበትን፣ የተመለሰበትን፣ ሳያነብ የዘለለውን ይጻፉ።

ከትምህርቱ ባለሙያ ጋር ሲሠሩ «ምን ይካተት?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም ይካተት ይባላሉ። «ጀማሪ ሁልጊዜ የሚሳሳተው የት ላይ ነው? ስህተቱስ ምን ያስከትላል?» ቢሉት መልሱ ራሱ የመልመጃ ዝርዝር ይሆናል። የሥራ ማሳያ ፖርትፎሊዮ ሲያዘጋጁም ቆንጆ የስክሪን ፎቶ ከመደርደር ለእያንዳንዱ ሥራ አራት ነገር ይጻፉ፦ ችግሩ ምን ነበር፣ ምን ተወሰነ፣ የተተወው አማራጭ ምን ነበር፣ ከተለቀቀ በኋላ ምን ተለወጠ።